አራት እግር ጽጌረዳ

«ዓይን ነው፤ ሌላ ምንም አይደል። ከሩቅም የመጣ አይደል፤ እዚሁ ግቢዎ የሚያድር ሰው ነው ጽጌረዳዎቹን የበላቸው።»

እንዲህ ያለው ደብተራ ወልደ ሩፋኤል ነው። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል። የወይዘሮ ሐረገ ወይን እልፍኝ መስኮት ወለል ብሎ እንደ ተከፈተ፣ ከመስኮቱም ሥር የቤቱ ሠራተኛ ተሾመች ተንበርክካ አረም እንደምትነቅል ማን ይንገረው። ቃል በቃል ሰማችው። ሌላ ሠራተኛ ብትሆን ኖሮ ታማትብና ወሬውን ይዛ ወደ ማድ ቤት ትሮጥ ነበር። ተሾመች ግን ክው ብላ ቀረች። ይህንኑ ቃል ሕፃን ሆና ስማዳ ውስጥ፣ አባቷ ማረሻ ከሚቀጠቅጥባት ጎጆ በር ቆማ ሰምታዋለች። ያን ጊዜ የጎረቤት ላም ወተቷ ነጥፎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጎጆዋ ነደደች፤ አባቷም ወናፉን ተሸክሞ፣ ልጆቹን አስከትሎ አገር ለቀቀ።

በመካነ ኢየሱስ ከተማ የቀጥቃጭ ልጅ መሆኗን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ማሬ ናት። ማሬ የዚሁ ግቢ ውኃ ቀጂና ልብስ አጣቢ ስትሆን የተሾመች የእናትና የአባት ልጅ፣ ታናሽ እህቷ ናት። ባሏ ሞቶባት ከወገዳ በእግሯ ስትመጣ፣ ተሾመች «መንገደኛ ናት፣ ጉልበት አላት፣ ይቅጠሯት» ብላ አስቀጠረቻት እንጂ እህቴ ናት አላለችም። ሁለት ሆነው ከታዩ ሰው ዘር መቁጠር ይጀምራል፤ የማን ልጆች ናችሁ፣ ደብራችሁ የት ነው ማለት ይመጣል። ስለዚህ ይኸው ሦስት ዓመት በአንድ ግቢ እያደሩ፣ ከአንድ ድስት እየበሉ እንደ ባዕድ ይተያያሉ። ማሬ ሰው ፊት «እትዬ ተሾመች» ትላለች፤ ተሾመችም «አንቺ ልጅ» ትላታለች። ማድ ቤት ብቻቸውን ቢቀሩ እንኳ ያው ነው፤ ልማድ ሆኖባቸው ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ አንዳንዴ ተሾመችን ከልቅሶ ይብስባታል።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጡት አራት እግር ጽጌረዳዎች ናቸው። ወይዘሮ ሐረገ ወይን የቀኛዝማች ሚስት ነበሩ፤ ቀኛዝማች ሲሞቱ ባለ ቆርቆሮ ቤት፣ ለአስተማሪና ለጸሐፊ በወር በአራት ብር የሚከራዩ ሁለት ክፍሎችና ብዙ ኩራት ትተውላቸው ሄዱ። ጽጌረዳዎቹን ልጃቸው ናት ከጎንደር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ የላከችላቸው። ከአጥሩ በር እስከ ማድ ቤቱ ግድግዳ ተሰልፈው ሲያብቡ ገበያተኛው ሳይቀር በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ ያይ ነበር። ወይዘሮዋም ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ቆመው ሳያዩአቸው ውለው አያውቁም፤ ለዘመነ ጽጌም አበባውን ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ ተስለዋል። እንግዲህ የሐምሳ ሰባት ክረምት ከወትሮው በርትቶ፣ ነሐሴ ላይ ቅጠሎቹ ጥላሸት ጠብ ያለባቸው ይመስል ጥቁር ነጠብጣብ አወጡ። ነጠብጣቡ ዙሪያውን ቢጫ አበጀ፣ ቢጫው ቅጠሉን ጨረሰው፣ ቅጠሉም ነፋስ ሳይነካው ይረግፍ ጀመር። ወሩ ሳያልቅ ጽጌረዳዎቹ እሾህና አጥንት ብቻ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ወይዘሮዋ ታዲያ ጠበል በማሰሮ አስመጥተው፣ ጠዋትና ማታ ቅጠሉ እስኪንጠባጠብ ድረስ እንዲረጭ አዘዙ። የምትረጨው ተሾመች ናት። በተረጨ ቁጥር ነጠብጣቡ ይብስበታል።

ተሾመች ምክንያቱን ታውቃለች። አንደኛውን ክፍል ተከራይቶ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ህንዳዊ አስተማሪ፣ የአገሩ ናፍቆት ይሁን ምን፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከጽጌረዳዎቹ ሥር አይጠፋም ነበር። አንቺን አንተ፣ አንተን አንቺ በሚል አማርኛው «ሻጋታ ነው» ብሎ አስተምሯታል። እንጀራ ላይ የሚወጣው ዓይነት ሻጋታ፤ በረገፈው ቅጠል ላይ ይከርማል፣ የውኃ ጠብታ ሲመታው ወደ ላይኛው ቅጠል ይዘላል፣ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ካደረ ደግሞ ይይዘዋል። ስለዚህ የታመመውን ቅጠል ለቅሞ ማቃጠል ነው፤ መሐሉን ነፋስ እንዲገባው መመልመል ነው፤ ውኃውን በጠዋት ለሥሩ ብቻ ማጠጣት፣ ከዚያም ድኝ አድቅቆ መነስነስ። አስተማሪው ወደ ሌላ አገር ተዛወረና ዕውቀቱ ለተሾመች ቀረ። ግን እስቲ የትኛዋ ደፋር ናት ለወይዘሮ ሐረገ ወይን «ጠበሉን ያቁሙት፣ አበባዎን እያረገፈው ነው» የምትላቸው? ጠበል የሚሸሽ ሰው ምን እንደሚባል አገር ያውቃል። ተሾመች ብትናገር ዓይኖች ሁሉ ወደ እሷ ይዞራሉ፤ ዓይን ደግሞ ከዞረ በኋላ ሳይቆፍር አይመለስም። ስለዚህ በማድ ቤቱ ግድግዳ ጥግ ያለውን አራተኛውን እግር ብቻ ደብቃ ሞከረችበት። ጠበሉን ስትረጭ ዘለለችው፤ የታመመውን ቅጠል እየለቀመች ምድጃ ከተተችው፤ ለእከክ ነው ብላ ከገበያ በስሙኒ የገዛችውን ድኝ ነሰነሰችበት። ሦስት ሳምንት ሆነው። አሁን በግድግዳው በኩል፣ ከመንገዱ ሳይታይ፣ ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል አውጥቷል፤ አንድም ነቁጥ የለበትም። ትናንት አይታው ብቻዋን ስቃ ነበር።

ረፋዱ ላይ ሁሉም ወደ ደጅ ተጠሩ፤ ወይዘሮዋ፣ ዘበኛው አለበል፣ ተሾመች፣ ማሬ። የኪራይ ክፍሎቹ ትምህርት እስኪጀመር ባዶ ናቸው። ደብተራ ወልደ ሩፋኤል ከጋይንት ወዲህ ሲዞር የከረመ፣ ጥምጥሙ ከራሱ የሚበልጥ ሰው ነው፤ ለድካሙ አንድ ሙክት ተቆርጦለታል። ሥርዓቱን ተረጋግቶ ነገራቸው። የተበላውን የሚፈታው የበላው ሰው ምራቅ ነው። የተበላው ሰው ቢሆን ያስለፈልፉት ነበር፤ ጽጌረዳ ግን ማን እንደ በላው አይናገር። እንግዲያው ግቢው የሚያድር ሁሉ በየራሱ አንድ እግር ይያዝና እትፍ ይበልበት። ጠበሉ እንደ ወትሮው ጠዋት ማታ ይረጭ። እሱ በሰባተኛው ቀን ይመለሳል። የንጹሖቹ እንዳለ ይቀራል፤ የአንዱ ግን ይለመልማል፤ የለመለመበት ሰው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚደረገውን አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገው።

«በሉ እኔው ልጀምር፤ በኋላ እሷ ቀረች እንዳትሉ» አሉ ወይዘሮ ሐረገ ወይን፣ ሳቅ ብለው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ከአጥሩ በር አጠገብ ባለው በመጀመሪያው ላይ እትፍ አሉበት። አለበል ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ በሁለተኛው ላይ ተፋ፤ የተሾመች ሦስተኛው ሆነ። አፏ ከመድረቁ የተነሣ ምራቅ አልወጣ ብሏት ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ደብተራው አፍጥጦ ተመለከታት። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ነበር አራተኛው የማን እንደሚሆን የገባት። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ምን ልትል? ማሬ እንስራ እንዳጎበጣት አጎንብሳ መጣችና በማድ ቤቱ ጥግ ባለው ጽጌረዳ ላይ፣ በዳነው ላይ፣ እትፍ አለችበት። ተሾመች ዓይኗን ጨፈነች። እህቷን በገዛ እጇ አሳልፋ እንደ ሰጠቻት አወቀች፤ ያውም አበባ አድናለሁ ብላ።

ማሬን ያገኘቻት ከቤቱ ጀርባ፣ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ነው። የወይዘሮዋን ቀሚስ እያሸች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«እንሂድ» አለች ማሬ፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ። «ዛሬውኑ።»

«ብንሄድ አመንን ማለት ነው። ይከተሉናል።»

«እኔ ምን አደረግሁ? ቀና ብዬ እንኳ አይቻቸው አላውቅ። እንስራ ተሸክሜ የቱን አበባ ነው የማየው?»

ተሾመች እየተንተባተበች ነገረቻት፤ ስለ ሻጋታው፣ ስለ ድኙ፣ ከግድግዳው በኩል ስለወጣው ለጋ ቅጠል። እየነገረቻት እጇን ልትይዘው ዘረጋች። ማሬ ማሸቷን አቆመች። አረፋው ከክንዷ ላይ ወደ መሬት ይወርዳል።

«እቴ» አለቻት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከአፏ ያልወጣ አጠራር ነው። «እቴ፣ ልታስገድይኝ ነው?»

ማሬ እንስራዋን አንሥታ ወደ ወንዝ ወረደች። በአጥሩ በር ስታልፍ ደብተራው ሽቅብ ቁልቁል እያየ ሸኛት፤ ከዚያም ለወይዘሮዋ አንድ ነገር ሹክ ሲል ተሾመች ከማድ ቤቱ በር ሆና አየች። ወይዘሮዋ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። የሰባት ቀን ቀጠሮ ለይምሰል እንደ ሆነ፣ ፍርዱ ከወዲሁ ተቆርጦ እንዳለቀ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

ስድስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ሐረገ ወይን ለልቅሶ ወጡ። ወግ ነውና አለበል ጃንጥላ ይዞ ከኋላ ተከተላቸው፤ ደብተራውም ሙክቱን እየጎተተ መንገዱን ያዘ። ግቢው ጭር አለ። ተሾመች ወደ አራተኛው ጽጌረዳ ሮጣ ለጋውን ቅጠል ልትቀነጥስ እጇን ሰደደች። መልሳ ሰበሰበችው። ዛሬ ብትቀነጥሰው ነገ ከሥሩ ሌላ ያወጣል፤ የዳነ ተክል እንቢ አይባልም። ሰባት ቀን ሙሉ ሰው እያየ ልትቀነጥስ ነው? ቢነቀልስ፣ ማሬ ፈርታ ነቀለችው አይሉም? የባሰ ነው። አንዱን ማሳመም ካልሆነላት የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ሦስቱን ማዳን። አራቱም ከለመለሙ ማንን ይይዛሉ? ይህ ሐሳብ ሲመጣላት አልተደሰተችም፤ ይልቁንም ብርድ ብርድ አላት። የመጀመሪያው እግር የማን እንደ ሆነ ታውቃለች። ወይዘሮ ሐረገ ወይንን ከውኃ ቀጂ ጋር በአንድ ገመድ ማሰር ማለት ነው። ግን ጎጆዋ ስትነድ የነበረው ሽታ አፍንጫዋ ውስጥ አለ። ቢላዋውንና ሰፌዱን አንሥታ ወጣች።

እንዴት እንደ ሠራች እሷም አታውቀው። ከሦስቱም እግሮች ነቁጥ ያለበትን ቅጠል አንድ በአንድ ለቀመች፤ እሾሁ ክንዷን ሲቧጥጣት አልተሰማትም። መሐል ለመሐል የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ ቆረጠች። መሬት ላይ የረገፈውን፣ ከጭቃው ጋር የተጣበቀውን ሳይቀር በጥፍሯ እየፋቀች ሰበሰበችና ምድጃ ከታ አነደደችው። እርጥብ ስለ ነበረ ጭሱ በቆርቆሮው ክፈፍ ሥር እየተጥመለመለ ወጣ፤ መንገደኛ ባያየው ብላ ማርያምን ለመነች። ከዚያ የቀረውን ድኝ በሙቀጫ አድቅቃ፣ በስስ ሻሽ ቋጥራ፣ በየግንዱ ላይ አራገፈችው። ቢጫው ዱቄት በእጇ፣ በቀሚሷ፣ በጉንጯ ላይ ሰፈረ። የአጥሩ በር ኮሽ ባለ ቁጥር ነፍሷ ልትወጣ ትደርሳለች፤ ውሻ ነው፣ ነፋስ ነው፣ የጎረቤት ፍየል ነው። ቅጠሉ ሲራቆት፣ በየግንዱ ጉጥና ቅርንጫፉ በሚወጣበት በየብብቱ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቀይ እንቡጥ ተገለጠች። ሁሉም ላይ አለች። የታመመው ቅጠል ሸፍኗት ኖሯል እንጂ ሳምንት አልፏታል። ተሾመች ትንሽ ተንፈስ አለች።

ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፤ ሰማዩ ጠቆረና ልቅሶው ሳያልቅ ሰው ተበተነ። የአጥሩ በር ሲከፈት ተሾመች ከመጀመሪያው እግር ሥር እንደ ተንበረከከች ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ ወይዘሮ ሐረገ ወይን። ቀጥሎ ሽታው ደረሳቸው፤ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ምንድን ነው ይህ የሚሸተው? ድኝ ነው? የሲኦሉን ድኝ ነው ጠበል በተረጨበት ላይ ያፈሰስሽው?»

ተሾመችን ያዳናት ሳያስበው አለበል ነው። «ኧረ እሜቴ፣ ድኝማ የበቅሎዋን እከክ የምናድንበት ነው» አለ፣ ጃንጥላውን እያጠፈ። የዋህ ሰው ነው።

«ዝም በል አንተ። አንቺ፣ ለማን ነው ያደረግሽው? ለራስሽ? ለዚያች ለውኃ ቀጂዋ?»

«ለአራቱም» አለች ተሾመች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «በሽታ ነው እሜቴ። ዓይን አይደለም። ያ አስተማሪ ያሳየኝ ነው፤ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ሲያድር የሚይዘው ሻጋታ ነው። አሁን አራቱም ይለመልማሉ። ማንም የማንንም አልበላም።»

ለካ ወይዘሮዋ ከ«ለአራቱም» በኋላ ያለውን አልሰሙም። ከእሷ አለፍ ብለው የራሳቸውን ጽጌረዳ፣ ጠዋት እየሳቁ የተፉበትን፣ እያዩ ነው። ጎንበስ አሉ። ከተራቆተው ግንድ ብብት ውስጥ ያቺን ቀይ እንቡጥ አገኟት።

«ይህ ጠዋት አልነበረም» አሉ ቀስ ብለው።

«ነበረ እሜቴ። ቅጠሉ ሸፍኖት ነው። ይዩት፣ የኔም ላይ አለ፣ የአለበልም ላይ—»

«አልነበረም እኮ ነው የምልሽ። እዚህ ቆሜ ነው የተፋሁት፤ አልነበረም።»

ተሾመች አለበልን እንዲመሰክር ተመለከተችው። አለበል ግን እንቡጧን ሳይሆን ወይዘሮዋን እያየ ነበር። ለጥቂት ጊዜ አያቸው፤ ከዚያ ዓይናቸው ከዓይኑ ሊገጥም ሲል ፈጥኖ ወደ መሬት ሰበረው፤ የጋቢውንም ጫፍ ወደ አፉ ሳብ አደረገ። ሃያ ዓመት ያገለገላቸው ሰው ነው። ወይዘሮ ሐረገ ወይን ይህን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሁለት ልጆች ቀብረዋል፣ አንዱ ገና ጥርስ ሳያወጣ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ታቅፈው ሲያዩት ነበር የሚውሉት። ጽጌረዳዎቹንስ ቢሆን ከእሳቸው አብልጦ ያያቸው ማን ነው? ደረጃው ላይ ቆሞ በየጠዋቱ «እንዴት ያምራሉ» የሚለው ማን ነው? ይህን ሁሉ አንድም ቃል ሳይወጣቸው ሲያስቡ ተሾመች ከፊታቸው ላይ አነበበችው። ጠዋት በመስኮት ሥር የተሰማት ያው ፍርሃት ነበር፤ ታውቀዋለች፤ በሌላ ሰው ፊት ላይ ስታየው ግን አላስደሰታትም። እንዲያውም አዘነችላቸው፤ ማዘኗም አናደዳት።

«ደብተራው እንዳይመጣ ላክበት» አሉ ለአለበል፣ ሳያዩት። «እሜቴ ታመዋል በለው። የወሰደው ሙክት ይቅርለት።» ከዚያ ወደ ተሾመች ዞሩ፤ ፊቷን ግን አላዩም፤ ከደረቷ ዝቅ ብለው ቀሚሷ ላይ ያለውን ቢጫ ዱቄት አዩ። «ዶማ አምጪ። ንቀያቸው። ሁሉንም። ከኔው ጀምሪ።»

«እሜቴ፣ ድነዋል እኮ—»

«ከኔው ጀምሪ አልኩሽ።»

ዶማውን አመጣች። ካፊያው ጀምሯል። ከመጀመሪያው እግር ሥር መሬቱን ስትመታ ሥሩ ጠለቅ ብሎ ኖሮ አልነቀል አላት፤ አራት ዓመት ያጠጣችው ነው። አለበል ሊያግዛት ጎንበስ አለ፤ ሁለቱም እሾሁን እየያዙ ጎተቱት። እንባዋ መጣ፤ ለጽጌረዳው ይሁን ለማሬ መትረፍ ይሁን አልለየችውም። ሁለተኛውን ነቅለው ሦስተኛው ላይ ሳሉ፣ ፈርታ ከወንዝ ዳር የዋለችው ማሬ እንስራዋን አዝላ በአጥሩ በር ገባች። የተገለበጠውን አፈር፣ ሥራቸውን ወደ ላይ ያደረጉትን ጽጌረዳዎች፣ ዶማ የያዘችውን እህቷን አይታ ባለችበት ደርቃ ቆመች። መሮጥ አለባት ወይስ መቆም፣ አላወቀችም።

ወይዘሮ ሐረገ ወይን ደረጃው ላይ ቆመው ነበር። ማሬን ሲያዩ ነጠላቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው ጎተቱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እንስራውን ክደኚው» አሏት። «ዓይኔ አርፎበታል።»